ቨርጂኒያ ደቡብ ናት ወይስ አይደለችም? ጥያቄና መልስ

በቀደም ዋሽንግተን ዲሲ አጠገብ ባለችው የቨርጂኒያ ከተማ፣ አሌክሳንድሪያ፣ ቤቴ ሁለት እንግዶች አደሩ። አንዱ ከአትላንታ፣ አንዱ ከቦስተን። ጠዋት ቡና ላይ የአትላንታው «እናንተ እኮ ሰሜኖች ናችሁ» አለኝ። የቦስተኑ ደነገጠ። «እንዴ! ማታ ለሚስቴ ደቡብ ገባሁ ብዬ አይደል የደወልኩት?» አለ። ክርክሩ ከአቦል እስከ በረካ ቀጠለ።

እኔ የቨርጂኒያ ዋና ከተማ በሆነችው ሪችመንድ ዘጠኝ ዓመት ኖሬያለሁ። አሌክሳንድሪያ ከገባሁ አሥራ አራት ዓመት ሆነኝ። ሥራዬ የሕክምና ዕቃ ጭኖ ከሜሪላንዷ ባልቲሞር እስከ ቨርጂኒያዋ ኖርፎክ መመላለስ ነው። ስለዚህ ወዳጆቼን «በሉ ጠይቁኝ» አልኳቸው። የመጣው ጥያቄ ከጠበቅሁት በላይ ነው። ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የጻፍኩት።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ መጀመሪያ ነገሩን እናጥራው። በመንግሥት አቆጣጠር ደቡብ የሚባለው የቱ ነው?

መልስ፦ የአሜሪካ የሕዝብ ቆጠራ መሥሪያ ቤት 16 ስቴቶችንና ዋሽንግተን ዲሲን ደቡብ ብሎ ይመድባል። ቨርጂኒያም፣ ሜሪላንድም፣ ዴላዌርም እዚያው ውስጥ ናቸው። ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የምትኖር ከሆነ በወረቀት ከሚሲሲፒ ሰው ጋር አንድ መደብ ነህ። የድሮ ሰዎች ደግሞ የሜሰንና የዲክሰን መስመር ይላሉ። ሁለት እንግሊዛውያን ቀያሾች ከ1763 እስከ 1767 የለኩት የፔንሲልቬንያና የሜሪላንድ ድንበር ነው። ከዚያ በታች ያለው ደቡብ ተባለ።

በ1861 የእርስ በርስ ጦርነቱ ሲነሳ ግን ነገሩ ተደበላለቀ። ቨርጂኒያ ከሌሎቹ የደቡብ ስቴቶች ጋር ሆና ተገነጠለች። ሜሪላንድ የባሪያ ሥርዓቷን እንደያዘች ከፌዴራሉ ጋር ቀረች። ወረቀት ይዞ መከራከር የማያዋጣው ለዚህ ነው።

ጥያቄ፦ በ95 ሃይዌይ ቁልቁል ስትነዳ «አሁን ደቡብ ገባሁ» የምትለው የት ጋ ስትደርስ ነው?

መልስ፦ ፍሬድሪክስበርግ ላይ። ከዲሲም ከሪችመንድም 50 ማይል ያህል ይርቃል፤ መሃል ላይ ነው። የእኔ መለኪያ ሻይ ነው።

ሪችመንድ በገባሁ ሰሞን አንድ ቁርስ ቤት ሻይ አዘዝኩ። ኃይለኛ ብርድ ነበር። ቅርንፉድ ባይኖረውም ትኩስ ነገር ጠብቄያለሁ። አስተናጋጇ በረዶ የሞላበት ረጅም ብርጭቆ አምጥታ ፊቴ አስቀመጠች። ቀመስኩት። ስኳሩ ከንፈር ያጣብቃል። ፊቴን አይታ «ትኩስ ነበር እንዴ የፈለግከው፣ የኔ ማር?» አለችኝ፤ ሮጣ ሄዳም አመጣችልኝ። ደቡብ ውስጥ ሻይ ማለት ቀዝቃዛና ጣፋጭ ነው። ለይተህ የምታዘው ትኩሱን ነው። እዚህ ዲሲ አጠገብ አርሊንግተን ላይ ሻይ ስትል «ምን ዓይነት?» ትባላለህ። ከፍሬድሪክስበርግ ወዲያ ግን ሳትጠየቅ ጣፋጩ ከች ይላል። ይህን ድንበር የትኛውም ካርታ ላይ አታገኘውም፤ እኔን ግን እስካሁን አላሳሳተኝም።

ጥያቄ፦ አሌክሳንድሪያስ? ሀበሻው የበዛበት ከተማ ደቡብ ነው ሲባል አይዋጥልኝም።

መልስ፦ እውነትህን ነው፣ ዛሬ አይመስልም። ነገር ግን ዱክ ስትሪት ላይ ስንቴ ነድተሃል? ቁጥር 1315 ላይ አንድ የጡብ ቤት አለ። እኔ ራሴ ዓመታት ሙሉ አልፌው ስሄድ ቀና ብዬ አላየሁትም። ከ1828 እስከ 1836 ፍራንክሊንና አርምፊልድ የተባሉ ነጋዴዎች ሰው የሚሸጡበት ቤት ነበር። ከቨርጂኒያና ከሜሪላንድ እየገዙ፣ አስረው እያሳደሩ፣ በመርከብም በእግርም ወደ ኒው ኦርሊንስና ሚሲሲፒ ወዳለችው ናቼዝ ይልኩ ነበር። በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን። ከእነሱ በኋላም ሌሎች ነጋዴዎች ቤቱን ለዚያው ሥራ ተጠቀሙበት። ያበቃው በ1861 የፌዴራሉ ጦር ከተማዋን ሲይዝ ነው። አሁን ሙዚየም ሆኗል። ልጆችህን ይዘህ ሂድ።

ሌላም ልንገርህ። ዋሽንግተን ስትሪትና ፕሪንስ ስትሪት የሚገናኙበት መሃል መንገድ ላይ የነሐስ ወታደር ቆሞ ነበር። መሣሪያ የለውም፤ አንገቱን ደፍቷል፤ ፊቱ ወደ ደቡብ። የተገንጣዮቹን ሟቾች ለማሰብ በ1889 የቆመ ነው። መኪናው ሁሉ ዞሮት ነበር የሚያልፈው። በ2020 አንሥተው ወሰዱት። አንድ ጠዋት ስደርስ ቦታው ባዶ ነው፤ እጄ ግን ከልማድ መሪውን አጠፈ።

ታዲያ ከተማዋን ማን ለወጣት? አንደኛ የፌዴራል መንግሥቱ። ፔንታጎን በ1943 ሲያልቅ ከመላው አሜሪካ ሰው አምጥቶ አርሊንግተንን ሞላው። ሁለተኛ እኛ ነን። አጠገባችን ባለው ፌርፋክስ ካውንቲ ከሦስት ነዋሪ አንዱ ገደማ የተወለደው ውጭ አገር ነው። ኤልሳልቫዶሩ፣ ኮሪያው፣ ቬትናሙ፣ ሀበሻው። የሰሜን ቨርጂኒያን ደቡብነት ያሳሳነው እኛ ነን። ለዚህ ነው ከእኛ በፊት እዚያ መሬት ላይ ምን እንደተደረገ ማወቅ አለብን የምለው። ቤት ገዝቶ የገባ ሰው ስለ ቀድሞው ባለቤት ይጠይቅ የለም?

ጥያቄ፦ ሪችመንድ እንዴት ነበር? እውነት ሰላምተኛ ናቸው?

መልስ፦ ናቸው! የደቡብን ሰው ጠባይ ሳይ አገር ቤት ነው ትዝ የሚለኝ። ጎረቤቴ ሰባ ዓመት ያለፋቸው ጥቁር አሜሪካዊት ነበሩ። ሰፈሩ ሁሉ የሚጠራቸው «ሚስ» ብሎ በራሳቸው ስም ነው። በአባት ስም አይደለም። ይህ እኮ የእኛው «እትዬ» ነው! ስም ሳይዘለል አክብሮት ይጨመርበታል። ልጆች ለትልቅ ሰው «የስ ማም»፣ «የስ ሰር» ሳይሉ መልስ አይሰጡም። አንቱታ የሌለው ቋንቋ አንቱታ ሲፈልግ እንዲህ ያደርጋል። «ያል» የምትለዋን ቃል ደግሞ ተመልከት። እንግሊዝኛ አንተንና እናንተን አይለይም፤ የደቡብ ሰው «እናንተ» ሲያጣ የራሱን ሠራ።

ቤት በገባሁ በሦስተኛው ቀን እኚያው ሴት የስኳር ድንች ፓይ በፎጣ ሸፍነው በር አንኳኩ። ሳህኑን ባዶ አልመልስም ብዬ ዳቦ ጋግሬ ወሰድኩላቸው። ሳቁ። «እናቴም ባዶ ሳህን አትመልስም ነበር» አሉኝ።

ሪችመንድ የተገንጣዮቹ ዋና ከተማ ነበረች፤ ያ አይካድም። ሞኑመንት አቬኑ ላይ የጄኔራሎቻቸው ሐውልት ተደርድሮ ነበር። የመጨረሻው ትልቁ፣ የሮበርት ሊ፣ በ2021 ወረደ። ዛሬ እዚያ መንገድ ላይ የቀረው የቴኒሱ ጀግና የአርተር አሽ ሐውልት ነው፤ እዚያው ከተማ የተወለደ ጥቁር ልጅ። በዚያችው ሪችመንድ የተወለደው የባሪያዎች የልጅ ልጅ ዳግላስ ዋይልደርም በ1989 ተመርጦ የቨርጂኒያ ገዥ ሆኗል። በአሜሪካ ታሪክ በሕዝብ ድምፅ የተመረጠ የመጀመሪያው ጥቁር ገዥ ነው። ሁለቱም ሪችመንድ ናት።

ጥያቄ፦ ባልቲሞር?

መልስ፦ ባልቲሞር ባልቲሞር ናት። በ1861 ሕዝቧ ወደ ዋሽንግተን የሚያልፉ የሰሜኗን የማሳቹሴትስ ወታደሮች በድንጋይ ወግሯል። ዛሬ ግን ወደቧ፣ ተያይዘው የተሠሩት ቤቶቿ፣ ፈጣን አነጋገሯ ከፊላደልፊያ ጋር ነው የሚቀራረበው። ሻዩም ሳትጠየቅ ጣፋጭ ሆኖ አይመጣም።

ጥያቄ፦ ዲሲ ራሷስ የማን ናት?

መልስ፦ ፕሬዚዳንት ኬኔዲ «የደቡብ ቅልጥፍናና የሰሜን ደግነት ያላት ከተማ» ብሎ ቀልዶባታል። ቅልጥፍናው የሰሜን፣ ደግነቱ የደቡብ ነው ስለሚባል፣ ሁለቱም የሉም ማለቱ ነው። እኔ ግን በዚህ አልስማማም። የመሥሪያ ቤቶቹ ዲሲ ከየትም አይደለችም። የጥቁሮቹ ዲሲ ግን ደቡብ ናት። አያቶቻቸው ከካሮላይናና ከቨርጂኒያ ገጠር ሥራ ፍለጋ የመጡ ናቸው። በ1970 ከከተማው ሕዝብ 71 በመቶው ጥቁር ነበር። የጃዝ ሙዚቀኛው ዱክ ኤሊንግተን የዚያች ከተማ ልጅ ነው፤ በ1973 አዲስ አበባ ድረስ መጥቶ ከነባንዱ ተጫውቷል።

ዩ ስትሪት አካባቢ የእኛ ሰዎች ምግብ ቤት ሲከፍቱ እነዚያ ቤተሰቦች በረንዳቸው ላይ ተቀምጠው ሰላም ይሏቸው ነበር። የቤት ኪራይ ሲንር እነሱም ወጡ፣ የእኛም ሰዎች ተከትለው ወጡ። ይህ በጣም ያሳዝነኛል። ደቡብነት ከዲሲ እየወጣ ያለው በእነሱ እግር ነው።

ጥያቄ፦ እኔ እናታችሁ ነኝ፤ ከልጄ ጋር ልኖር ሪችመንድ ልሄድ ነው። የሚበላ አገኛለሁ ወይ? ጿሚ ነኝ።

መልስ፦ እማማ፣ ጎመን ሞልቷል! «ኮላርድ» ይሉታል። ዘሩ ከእኛው የአበሻ ጎመን ቢለይም ድስት ውስጥ ሲገባ ወንድሙ ነው። ባሚያም አለ፤ ከአፍሪካ በባርነት ከመጡት ሰዎች ጋር የመጣ ነው። አንድ ነገር ብቻ ይጠንቀቁ። ምግብ ቤት ያለው ጎመን አብዛኛውን ጊዜ በጭስ የደረቀ የአሳማ ሥጋ ይገባበታል። ባቄላውም እንደዚያው ነው። «ሥጋ አለው?» ብለው ቢጠይቁ «የለውም» ሊሉዎት ይችላሉ፤ ለማጣፈጫ የገባውን እንደ ሥጋ አይቆጥሩትም። ስለዚህ «አሳማ ነክቶታል ወይ?» ብለው ያስጠይቁ። ከሁሉ የሚሻለው ጥሬውን ገዝተው ቤትዎ መሥራት ነው።

ጥያቄ፦ እውነቱን ንገረን። ወደ ደቡቡ ክፍል ብንገባ ልጆቻችን በቀለማቸው ይጎዳሉ?

መልስ፦ አልዋሽም። ፕሪንስ ኤድዋርድ የሚባለው የቨርጂኒያ ካውንቲ ጥቁርና ነጭ ልጆች አብረው ከሚማሩ ብሎ ከ1959 እስከ 1964 የመንግሥት ትምህርት ቤቶቹን ዘግቷል። አምስት ዓመት! ያን ጊዜ የሰባት ዓመት ልጅ የነበረ ዛሬ በሕይወት አለ፤ ቤተ ክርስቲያን አጠገብህ ይቀመጣል። በገጠሩ መንገድ የተገንጣዮቹን ባንዲራ የሰቀለ ቤት አሁንም ታያለህ። እኔ እዚያ ቤንዚን አልቀዳም።

በኑሮ ግን ሪችመንድ ውስጥ ሰላምታ የነፈገኝ ጎረቤት አልነበረም። እዚህ ሰሜኑ ጋ ሊፍት ውስጥ ዓይን የማያይ ሰው ብዙ ነው። ልጅህን ታሪኩን አስተምረህ ላከው። ትልቅ ሰው ማክበርን ደግሞ ከእነሱም ይማራል።

ጥያቄ፦ ያንተ ልጆችስ ምንድን ናቸው? ሰሜን ወይስ ደቡብ?

መልስ፦ ሴት ልጄ አሌክሳንድሪያ ነው የተወለደችው። ሻይዋን ትኩስ ነው የምትጠጣው፤ እናቷ አስለምዳታለች። ባለፈው እሑድ ግን የአክስቶቿ ልጆች ምሳ ቀርቦ ሲዘገዩ ደረጃው ሥር ቆማ «ያል! እንጀራው እየቀዘቀዘ ነው!» ብላ ጮኸች። እናቴ አዲስ አበባ ሆና በቪዲዮ ትሰማ ነበር። «ያል ማን ነው?» አለችኝ። «እናንተ ማለቷ ነው፣ እማ» አልኳት።