ፖለቲካ የነካ ሥዕል ይዘሽ ሥራ ታገኛለሽ ወይ?

እህቴ፣ ከደሴ የላክሽውን አነበብኩት። ሥዕል ተምረሽ ልትመረቂ ነው፤ ታላቅ ወንድምሽ ደግሞ «ፖለቲካ የነካ ሥዕል ይዘሽ ማን ይቀጥርሻል? አበባና ተራራ ሳዪ» ይልሻል።

እኔ አትተዪው ባይ ነኝ። እንጀራሽን ግን በእሱ ላይ ብቻ አትጣዪው።

ይሄ ነገር ለወሎ ሰው እንግዳ አይደለም። በ1965 እና በ66 ወሎ ሲራብ መንግሥት ወሬውን አፍኖ ይዞት ነበር። ያኔ ወጣት የነበረው እሸቱ ጥሩነህ የረሀቡን ተጎጂዎች ሣላቸው፤ ዛሬም ስለዚያ ዘመን የኢትዮጵያ ሥዕል ሲወራ ያ ሥራ ይነሳል።

የላክሽውን የሥዕልሽን ፎቶ አጉልቼ አየሁት። ማይክ የያዘው ሰውዬ አፍ ላይ ነጭ ቀለም ደርበሽበታል፣ ከሥሩ ግን ጥርሱ በስሱ ይታያል። በጣም ነው የወደድኩት! ከታች የጻፍሽውን መፈክር ግን አጥፊው። ጥርሱ ተናግሮ ጨርሷል፤ ለቀጣሪም ለጋለሪም (ለሥዕል ማሳያ ቤት) የሚያሳይሽ እሱ ነው።

ሌላው ውል ነው፣ እዚህ ላይ ብዙ ልጆች ይዘናጋሉ። እ.ኤ.አ. በ2012 የደቡብ አፍሪካው ብሬት መሬይ ፕሬዚዳንት ዙማን የሚተች ሥዕል ጆሃንስበርግ ውስጥ አሳየ። ገዥው ፓርቲ ፍርድ ቤት ሄደ፣ ሁለት ሰዎች ጋለሪው ድረስ ገብተው ሥዕሉን ቀለም ለቀለቁት፣ በኋላም ጋለሪው ከፓርቲው ጋር ተስማምቶ ምስሉን ከድረ ገጹ አነሳ። ስለዚህ ሥዕልሽን ለማንም ከመስጠትሽ በፊት አቤቱታ ቢመጣ ማን ይወስናል፣ ቢበላሽስ ማን ይከፍላል የሚለውን በጽሑፍ አስፈርሚ። በቃል «ችግር የለም» ቢሉሽ እሺ እንዳትዪ።

ሕጉንም እወቂው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 29 ሐሳብን በሥነ ጥበብ መግለጽንም ይጨምራል፤ የጥላቻ ንግግር አዋጅ ቁጥር 1185/2012ም አለ። ባለሥልጣንን ተቺ፣ የሰውን ብሔርና ሃይማኖት ግን አትንኪ፤ ይሄን እንኳ ሙስሊምና ክርስቲያኑ በአንድ ቤት ተጋብቶ በሚኖርበት ወሎ ላደገች ልጅ መንገር አያስፈልግም።

ለእንጀራው ሁለት ፖርትፎሊዮ፣ ማለትም የሥራሽን ናሙና የያዘ ስብስብ፣ አዘጋጂ። አንዱ የሱቅ ታፔላ፣ የግድግዳ ሥዕልና የማተሚያ ቤት ዲዛይን የያዘ ይሁን፤ ደሴና ኮምቦልቻ ላይ እሱን ይዘሽ በር አንኳኪ። የግል ትምህርት ቤቶችንም ጠይቂ። ሁለተኛው የኤግዚቢሽንሽ ነው። የመጀመሪያውን ስትጨርሺ ላኪልኝ፣ አብረን እናየዋለን።