ድምፅዎ «ከጣሳ ውስጥ የሚወጣ» የመሰለው በማይክሮፎኑ ምክንያት አይደለም

ጠያቂያችን፣ ጥያቄዎን ደጋግሜ አነበብኩት። 3 በ4 ሜትር በሆነች መኝታ ክፍል ውስጥ በኮንደንሰር ማይክሮፎን የሚቀዱት ድምፅ «ከጣሳ ውስጥ የሚወጣ ይመስላል»፤ ጠረጴዛዎ ላይ ሲያዳምጡት ያማረው ሚክስ (ትራኮቹ ተደባልቀው የተስተካከለው ሥራ) ደግሞ መኪና ውስጥ ሲከፈት ቤዙ ሌላውን ሁሉ ይውጠዋል፤ ስለዚህም የተሻለ ማይክሮፎን ልግዛ ወይስ ፕለጊን (ድምፅ የሚያስተካክል ተጨማሪ ሶፍትዌር) ብለው ጠይቀዋል። ከእኔ በፊት የመለሱት አባላት የማይክሮፎን ስም ደርድረዋል። እኔ ግን ሁለቱንም አይግዙ ባይ ነኝ። ሁለቱም ችግሮችዎ የሚመነጩት ከክፍሉ ነው፤ በዚህ መንገድ ያለፍኩ ሰው ስለሆንኩ በእርግጠኝነት እናገራለሁ።

ስለ ሶፍትዌርና ስለ ኬብል አመራረጥ አልጽፍም፤ እዚህ ደረጃ ከደረሱ ያውቁታል።

1ኛ፦ ወደ ማይክሮፎኑ ይቅረቡ። ማይክሮፎን የሚቀበለው ከአፍዎ የሚወጣውን ድምፅ ብቻ ሳይሆን ከግድግዳው፣ ከጣሪያውና ከመስኮቱ መስታወት ተንፀባርቆ የሚመለሰውን ጭምር ነው። ርቀትዎን በግማሽ በቀነሱ ቁጥር በቀጥታ የሚደርሰው ድምፅ በ6 ዲሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ) ገደማ ይጨምራል፣ የክፍሉ ማስተጋባት ግን ባለበት ይቆያል። ስለዚህ 60 ሳንቲ ሜትር ርቀው ይዘፍኑ ከነበረና ወደ 15 ሳንቲ ሜትር ከቀረቡ፣ ያለ ምንም ወጪ በማስተጋባቱ ላይ 12 ዲሲቤል ያህል ብልጫ አገኙ ማለት ነው። ከዚህም በላይ ከተጠጉ ካርዲዮይድ ማይክሮፎን (በዋናነት ከፊቱ የሚመጣውን ድምፅ የሚቀበለው) የድምፅዎን ወፍራም ክፍል ከልክ በላይ ያሳብጠዋል፤ ስለዚህ ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ባለው ርቀት ላይ፣ ፖፕ ፊልተር (የ«ፕ» እና የ«ብ» ትንፋሽን የሚያግድ ወንፊት) አስቀድመው ይቁሙ።

በዚሁ አጋጣሚ፣ ብርድ ልብስ የሚሰቅሉ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ ከማይክሮፎኑ ጀርባ ይሰቅሉታል። ካርዲዮይድ ግን ከጀርባው የሚመጣውን ድምፅ በራሱ ስለሚቀንስ፣ ብርድ ልብሱ ይበልጥ የሚያስፈልገው ማይክሮፎኑ በሚያይበት አቅጣጫ፣ ማለትም ከዘፋኙ ጀርባ ነው።

2ኛ፦ ቀጭን ፎም ግድግዳ ላይ አይለጥፉ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ገንዘቤን የበላው ይኸው ነውና። ክፍሌን ማስተካከል ስጀምር አንድ የስቱዲዮ ዕቃ ሻጭ፣ ሦስት ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለውን ፎም አራቱንም ግድግዳ ካለበስኩበት የውጭ ድምፅ እንደማይገባና ማስተጋባቱም ሙሉ በሙሉ እንደሚጠፋ በልበ ሙሉነት ነገረኝ። ለጠፍኩት። የጎረቤት ቴሌቪዥን እንደ በፊቱ ይሰማል፤ የእኔ ድምፅ ደግሞ ብርሃኑን አጥቶ ይበልጥ የታፈነ ሆነ። ተመልሼ ሄጄ ስጠይቀው፣ በሌሎች ደንበኞች ፊት እየሳቀ «ችግሩ ያለው ጆሮህ ላይ ነው፤ ደግሞስ መኝታ ቤት ውስጥ ስቱዲዮ ይከፈታል?» አለኝ። ገንዘቤን አልመለሰም፤ እኔም ስድቡን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

ሰውዬው ያላስረዳኝን እኔ ላስረዳዎት። ድምፅ እንዳያልፍ የሚያደርገው የግድግዳው ክብደትና አየር የሚያስገባ ቀዳዳ አለመኖሩ ነው፤ ፎም ደግሞ ሁለቱንም አያሟላም። ማስተጋባትን በተመለከተ ደግሞ ቀጭን ፎም በደንብ የሚውጠው ከ1,000 ኸርዝ (በሰከንድ የሚደረግ ንዝረት) በላይ ያለውን ቀጭን ድምፅ ነው። በ200 ኸርዝ ላይ ያለ ድምፅ የሞገድ ርዝመቱ 1.7 ሜትር ስለሆነ ፎሙን እንደሌለ ቆጥሮት ያልፋል። ውጤቱም ቀጭኑ ድምፅ ተሟጦ፣ የጣሳ ጠባይ የሚያመጣው የመካከለኛውና የታችኛው ክፍል ብቻውን እየተንፀባረቀ መቅረቱ ነው። ከጥያቄዎ ጋር ባያያዙት ፎቶ ላይ እንዳየሁት የእርስዎም ግድግዳ በዚሁ ዓይነት ፎም ተሸፍኗል።

እኔ በመጨረሻ ያደረግሁት፣ 10 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው የድንጋይ ሱፍ (ከቀለጠ ድንጋይ የተፈተለ፣ ሱፍ የሚመስል ነገር) በእንጨት ፍሬም ውስጥ አስገብቼ፣ አየር በሚያሳልፍ ጨርቅ ሸፍኜ፣ መጀመሪያ በክፍሉ ማዕዘኖች ላይ ማቆም ነበር። ቤዝ በይበልጥ የሚከማቸው ማዕዘን ላይ ስለሆነ ከዚያ ይጀመራል። ቀጥሎ በግራና በቀኝ፣ የስፒከሩ ድምፅ መጀመሪያ በሚያርፍበት የግድግዳ ክፍል ላይ ይቆማል፤ ከግድግዳው በጥቂቱ ራቅ ቢል የበለጠ ይሠራል። ሱፉን ሲቆርጡ ጓንትና የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ ያድርጉ፤ ቆዳን ክፉኛ ያሳክካል። ፍሬሞቹን የሠራሁት በራሴ እጅ ነው፤ በዚያው በተናቀው መኝታ ቤት የቀዳሁትን ሥራ የሰማ አንድ የታወቀ ስቱዲዮ ባለሙያ «የት ነው የተቀዳው?» ብሎ ሲጠይቀኝ፣ ያን ሻጭ አጠገቤ ባገኘው ብዬ ተመኝቻለሁ።

3ኛ፦ ጌይኑን (ማይክሮፎኑ ወደ መቅጃው የሚገባበትን መጠን) ዝቅ ያድርጉ። በ24 ቢት ሲቀዱ ከፍተኛው ጩኸትዎ ከዜሮ (መቅጃው ከሚችለው የመጨረሻ መጠን) በታች ከ10 እስከ 12 ዲሲቤል ላይ ቢቆም ምንም አያጡም። ዜሮን አልፎ የተቆረጠ ድምፅ ግን እንደ ነበረ አይመለስም።

ተራ ቁጥሩን እዚህ ላይ ልተወው፤ የሚቀጥለው ከተራ ምክር ይልቅ ሰፋ ያለ ነገር ነው። ጠረጴዛዎ ክፍሉ መሀል ላይ ነው ያለው። የክፍሉ ርዝመት 4 ሜትር ስለሆነ 43 ኸርዝ አካባቢ ያለው ድምፅ በሁለቱ ግድግዳዎች መካከል እየተመላለሰ ይቆማል፤ ጫፎቹ ላይ ይበረታል፣ ልክ መሀል ላይ ደግሞ ከሞላ ጎደል ይጠፋል። በ3 ሜትሩ በኩልም 57 ኸርዝ አካባቢ ላይ ይኸው ይደገማል። እርስዎ የተቀመጡት ቤዝ በማይሰማበት ቦታ ላይ ነው። ጆሮዎ አልሰማምና ይጨምራሉ፤ እንደገና ይጨምራሉ፤ መኪናው ውስጥ ሲከፈት ግን የጨመሩት ሁሉ አንድም ሳይቀር ይወጣል። ጉዳዩ የመኪናው ስፒከር ክፋት አይደለም፤ ፕለጊንም አይፈታውም። ስፒከሮቹን ወደ አጭሩ ግድግዳ አዙረው፣ ጭንቅላትዎ ከዚያ ግድግዳ 1.5 ሜትር ገደማ እንዲርቅ አድርገው፣ ከሁለቱ ስፒከሮች ጋር እኩል ጎኖች ያሉት ሦስት ማዕዘን እንዲሠራ ይቀመጡ። ከዚያ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ትንሽ እየተንቀሳቀሱ የሚያውቁትን ዘፈን እየሰሙ ያስተካክሉ።

ሲሠሩ ደግሞ ድምፁን ዝቅ አድርገው፣ ሰው ሲያነጋግርዎት ሳይጮህ በሚሰሙት መጠን ያዳምጡ። የድምፅ ተመራማሪዎቹ ፍሌቸርና መንሰን በ1933 እንዳሳዩት፣ የጆሮአችን የቤዝ አሰማም እንደ ድምፁ ጉልህነት ይለዋወጣል፤ ከፍ አድርገው ሲከፍቱት ቤዙ ያበጠ ይመስላል። ሁሉ ነገር ጮክ ሲል ያምራል፤ እኔ ግን በዝቅታ ያላማረኝን ሚክስ አላምነውም። ለማነፃፀር የሚያስገቡትን የሌላ ሰው ሥራ ጉልህነቱን ከእርስዎ ጋር እኩል ያድርጉት፤ ካልሆነ ጮክ ያለው ሁልጊዜ ያሸንፋል።

ኢኪው (ቀጭኑንና ወፍራሙን ድምፅ ለየብቻ የሚያስተካክለው) እና ኮምፕረሰር (የጮኸውን ክፍል ዝቅ የሚያደርገው) ከዚህ በኋላ የሚመጡ ናቸው። ለድምፅ ትራክዎ ከ80 እስከ 100 ኸርዝ በታች ያለውን ይቁረጡ፤ «ስ» እና «ሽ» የሚወጉ ከሆነ ከ5 እስከ 8 ኪሎኸርዝ ባለው ላይ ዲኤሰር ያድርጉ፤ ኮምፕረሰሩን በ3 ለ1 ምጣኔ ላይ አድርገው በጣም ሲጮኹ ብቻ ከ3 እስከ 6 ዲሲቤል እንዲቀንስ ያድርጉት። ሚክሱንም በሞኖ (ግራና ቀኙን አንድ ላይ አዋህደው) ይክፈቱትና የሚጠፋ ነገር ካለ ይመልከቱ።

በጥያቄዎ መጨረሻ ስለ ጉልህነት ጠይቀው ነበር። የሙዚቃ ማሰራጫው ስፖቲፋይ በመደበኛ አሠራሩ ሥራዎችን ከዜሮ በታች 14 ኤልዩኤፍኤስ (የአማካይ ጉልህነት መለኪያ) አካባቢ አድርጎ ስለሚያጫውት፣ ሊሚተር (የድምፁን ጫፍ የሚገታ መሣሪያ) ላይ ጨፍልቀው የሚያገኙት ብልጫ የለም፤ ትሩ ፒኩ (የድምፁ እውነተኛ ከፍተኛ ጫፍ) ከዜሮ በታች 1 ዲሲቤል ላይ እንዲቆም ያድርጉና ይላኩት።

ማይክሮፎኑን ሳይቀይሩ፣ ፎሙን አንስተው፣ ከዘፋኙ ጀርባ ወፍራም ብርድ ልብስ ሰቅለው፣ 15 ሳንቲ ሜትር ላይ ቆመው አንድ ቁራጭ ይቅዱና ምንም ኢፌክት ሳይጨምሩበት ከድሮው ቅጂ ጋር እዚህ ይለጥፉልን። ሁለቱንም ሰምቼ ፍሬሞቹን ከየትኛው ማዕዘን እንደሚጀምሩ እነግርዎታለሁ።