ስማችሁን አታበድሩ

እኛ የድሬ ልጆች አንቱታ አናበዛም። ትልቁንም ትንሹንም «አንተ»፣ «አንቺ» እንላለን፤ ማንም አይቀየምም። ጥናት ጽፈን ለጆርናል ልንልክ ስንል ግን ያ ሁሉ ቅለት ይጠፋል። «የክፍል ኃላፊውን ስም ካላስገባን ይቀየማል»፣ «እሷም ባለፈው የእኔን አስገብታልኛለች» እንባባላለን። ይሉኝታ ይይዘናል።

እኔንም ይዞኛል። ወጣት መምህር ሳለሁ አንድ ባልደረባዬ ስሜን ጥናቱ ላይ አስገባ። «ለደረጃ እድገት ይጠቅምሃል» አለኝ። አመሰገንኩት። ጽሑፉን ግን አላነበብኩትም። ከታተመ በኋላ ከአንድ አንባቢ ደብዳቤ መጣ። ሁለተኛው ሠንጠረዥ ላይ ያለው ድምር ከተጠያቂዎቹ ቁጥር ጋር ለምን አይገጥምም ይላል። ባልደረባዬ ለትምህርት ውጭ ሄዷል። ጥያቄው እኔ ጋ ደረሰ። መጠይቁን አላየሁም፤ ሰዎቹን አላነጋገርኩም። ምን ልመልስ? ለኤዲተሩ እውነቱን ጽፌ ስሜ እንዲወጣ ጠየቅሁ። እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

ደንቡ ግልጽ ነው፣ ልጆቼ። እ.ኤ.አ. በ1978 የሕክምና ጆርናል ኤዲተሮች ካናዳ፣ ቫንኩቨር ላይ ተሰበሰቡ። ያ ስብስብ ኋላ ባወጣው መመሪያ ደራሲ ለመባል በሥራው በቁም ነገር መሳተፍ፣ ጽሑፉን መጻፍ ወይም በጥልቀት ማረም፣ የመጨረሻውን ቅጂ ማጽደቅና ለሥራው ተጠያቂ መሆን ያስፈልጋል። አራቱም። ገንዘብ ማምጣት ወይም ኃላፊ መሆን ብቻውን አይበቃም።

ላንሴት የተባለው የሕክምና ጆርናል ላይ እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣውን የእንግሊዛዊውን ሐኪም የአንድሪው ዌክፊልድን ጽሑፍ አስቡ። 12 ሕፃናትን ብቻ ይዞ ኩፍኝን ጨምሮ ሦስት በሽታ የሚከላከለውን ክትባት ከኦቲዝም ጋር በሐሰት አያያዘው። ከተባባሪ ጸሐፊዎቹ 10ሩ ከዚያ ትርጓሜ ራሳቸውን ያገለሉት በ2004 ነው። ጆርናሉ ጽሑፉን የሰረዘው በ2010። እስከዚያ ድረስ ስንቱ ወላጅ ፈርቶ ልጁን ሳያስከትብ ቀረ!

ወደ ሰፈራችን ልመለስ። እ.ኤ.አ. በ2022 ድሬዳዋ ላይ ወባ ሲነሳ፣ አኖፊለስ ስቴፈንሳይ የተባለችው ትንኝ ሰው ውኃ በሚያጠራቅምበት ሁሉ እንደምትራባ አይተናል። እንዲህ ያለውን ነገር የሚያገኘው በዚያ ሐሩር ከግቢ ግቢ እየዞረ በርሜል የሚከፍት ልጅ ነው። ብዙ ጊዜ ስሙ የሚቀረውም የእሱ ነው። ዳታ መሰብሰብ ብቻውን ደራሲ አያደርግም፤ እውነት ነው። በቁም ነገር ከተሳተፈ ግን ረቂቁን እንዲያነብና እንዲጽፍ ዕድል ሊሰጠው ይገባል። ረቂቁን ደብቆ «እሱ መች ጻፈ» ማለት ግፍ ነው።

«በሦስት ቀን እናትማለን፣ ብር ላኩ» ለሚል ኢሜይል መልስ አትስጡ። ክፍያው ብቻውን አይደለም ችግሩ፤ ደህና ጆርናሎችም ያስከፍላሉ። ችግሩ ማንም ሳያነበው መታተሙ ነው። ጽሑፉን ሳይታተም በፊት የሚመረምር ደህና ገምጋሚ ወራት ያቆያችኋል፣ ያበሳጫችኋልም። ታገሡት።

መጠይቁን ይዛችሁ ከመውጣታችሁ በፊት ማን ምን እንደሚሠራ ወረቀት ላይ አስፍሩ። ያኔ ማንም አልተቀየመም፤ ለመነጋገር ይቀላል።

ባለፈው ሰሞን አንዲት ተማሪዬ ረቂቋን አመጣችልኝ። ስሜ ሁለተኛ ተራ ላይ አለ። የሠራሁት እንግሊዝኛውን ማቃናት ብቻ ነበር። አውጥታ ምስጋናው ላይ እንድታደርገው ነገርኳት።

«አትቀየምም?» አለችኝ።

«አልቀየምም» አልኳት።