ለታናናሾቼ፦ ስለ አሯሯጭነት

ባለፈው ወር አንድ ልጅ ደብረ ብርሃን፣ ጠባሴ ወዳለው ወፍጮ ቤቴ መጣ። እህል ሊያስፈጭ መስሎኝ ነበር። ከጃኬቱ ኪስ የታጠፈ ወረቀት አወጣና «ጋሼ፣ እስቲ ይቺን ይዩልኝ» አለኝ። የሩጫ ውል ነው። ውጭ አገር በሚካሄድ ማራቶን እስከ 25ኛው ኪሎ ሜትር ከፊት ሆኖ ፍጥነቱን እየጠበቀ ሌሎቹን ሯጮች እንዲያሯሩጥ ተፈልጓል። ፊቱ ላይ ግን ደስታ አላየሁም። «ለራሴ ልሮጥ ነበር ያሰብኩት፤ ይሄ ለሰው መሮጥ ነው» አለኝ።

ለእሱ የመለስኩለትን ለሌሎቻችሁም ልጽፈው ፈለግሁ። ጠዋት ጠዋት በዚያ ብርድ አስፓልቱ ላይ የማያችሁ ሁሉ አንብቡት።

እኔ 14 ዓመት ሮጫለሁ። የተወለድኩት ጫጫ አካባቢ ነው፤ የጌጤ ዋሚ አገር። ጌጤ በ1991 ዓ.ም. ሴቪል ላይ በ10 ሺህ ሜትር የዓለም ሻምፒዮን ስትሆን የ17 ዓመት ልጅ ነበርኩ። ከዚያ ወዲያ በሰፈራችን ያልሮጠ ልጅ አልነበረም ማለት ይቻላል። እኔም ሮጥኩ። ክለብ ገባሁ፣ ተቀነስኩ፣ ሌላ ክለብ ገባሁ። እንዲህ እያልኩ አራት ክለብ ቀያየርኩ። በማራቶን ምርጥ ሰዓቴ 2 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ነው። በብዙ አገር ይህ ሰዓት ብሔራዊ ቡድን ያስገባል። እኛ አገር ግን በኦሊምፒክ ማራቶን ቢበዛ 3 ሰው ነው የሚሰለፈው። ያ ዘመን ደግሞ ኃይሌ በርሊን ላይ እ.ኤ.አ. በ2008 2:03:59 የገባበት ነው። ወረፋው ምን ያህል ረጅም እንደነበር ገምቱት።

አንድ ቀን ማናጀሬ «ፔስ ትሠራለህ?» አለኝ፤ አሯሯጭ ትሆናለህ ወይ ማለቱ ነው። እሺ ያልኩት ለገንዘቡ ብዬ ነው። ሥራውን የወደድኩት በኋላ ነው።

ሥራው ምንድን ነው? ውድድሩ ሊካሄድ አንድ ቀን ሲቀረው ስብሰባ ይደረጋል። «ኪሎ ሜትሩን በ3 ደቂቃ» ትባላላችሁ። 30 ኪሎ ሜትሩን በአንድ ሰዓት ተኩል ማለት ነው። ከኋላችሁ ያለው ሰው በዚያው ከዘለቀ 2:06:35 ይገባል። ነፋሱን የምትቀበሉት እናንተ ናችሁ። እሱ ሳያስብ፣ ሰዓቱን ሳያይ፣ ጀርባችሁን ብቻ እያየ ይሮጣል።

ከባዱ የመጀመሪያው ኪሎ ሜትር ነው። እግራችሁ ትኩስ ነው። ሕዝቡ ይጮኻል። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው የምትለማመዱት፤ እዚያ ቆላ ወርዳችሁ ስትሮጡ ትንፋሹ ሰፊ ነው። 3 ደቂቃው ሶምሶማ ይመስላችኋል። እኔን ያሳተኝ ይሄ ነው። አንድ የአውሮፓ ከተማ ላይ የመጀመሪያውን 5 ኪሎ ሜትር በ15 ደቂቃ አድርስ ተብዬ በ14 ደቂቃ ከ25 ሰከንድ አደረስኩት። ከኋላዬ የነበረው የአገሬ ልጅ ነው። ስላመነኝ ተከተለኝ። 33ኛው ኪሎ ሜትር ላይ መራመድ ጀመረ። በዚያ ውድድር በሚያገኘው ገንዘብ ለእናቱ ቤት ሊሠራ አስቦ ነበር። ማታ አውቶቡስ ውስጥ አጠገቤ ተቀመጠ። አንድም ክፉ ቃል አልተናገረኝም። ዳቦውን ከፍሎ ግማሹን ሰጠኝ። እስከ ዛሬ ድረስ ያ ዳቦ ጉሮሮዬ ላይ ነው።

ከዚያ በኋላ አንድ ዓመት ሙሉ የጠራኝ የለም። ያን ዓመት ሰዓቴን ቤት እየተውኩ መሮጥ ጀመርኩ። ኪሎ ሜትር የተለካበት መንገድ ላይ እሮጥና ስንት ደቂቃ እንደፈጀብኝ እገምታለሁ፤ ዳር የቆመ ጓደኛዬ እውነቱን ይነግረኛል። መጀመሪያ በ10 ሰከንድ እሳሳት ነበር። ቆይቶ በሁለት። እግር ሰዓት ይማራል፤ ግን ጊዜ ይፈልጋል።

አሯሯጭ አትሌት አይደለም ለሚላችሁ ሰው ቪየናን ንገሩት። ኬንያዊው የማራቶን ሯጭ ኤሊዩድ ኪፕቾጌ እዚያ እ.ኤ.አ. በ2019 42 ኪሎ ሜትሩን በ1:59:40 ሲጨርስ 41 ሰዎች እየተቀያየሩ አሯሩጠውታል። ከነሱ መካከል የዓለምና የኦሊምፒክ ሻምፒዮኖች ነበሩበት። እንዲያው ሲሞን ቢዎት የሚባል ኬንያዊ በርሊን ላይ እ.ኤ.አ. በ2000 ሊያሯሩጥ ገብቶ ማራቶኑን አሸንፏል። ደንቡ ከመነሻው አብሮ የተነሳ አሯሯጭ እስከ መጨረሻ እንዳይሮጥ አይከለክልም። ውላችሁ ላይ ግን «እዚህ ኪሎ ሜትር ላይ ውጣ» የሚል ካለ ሌላ ነገር ነው። ሳታነቡ አትፈርሙ። እንግሊዝኛው ካስቸገራችሁ አስተማሪያችሁ ጋ ውሰዱት።

ስለ ገንዘቡ ደግሞ በግልጽ ልንገራችሁ። ማናጀር ብዙውን ጊዜ 15 በመቶ ይወስዳል። የዚያ አገር ግብርም ይቆረጣል። የዶፒንግ ምርመራ ውጤት እስኪወጣ ክፍያው ወራት ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ ገና እጃችሁ ላልገባ ብር በግ አትረዱ፣ ቤት አትከራዩ። እኔ የሁለት ውድድር ክፍያ ቀልጦ ቀርቶብኛል፤ በቃል ብቻ ስለተስማማሁ ወዴትም ልከስ አልቻልኩም። ከፋርማሲ የምትገዙትን መድኃኒትም፣ የራስ ምታት ቢሆን እንኳ፣ መጀመሪያ የክለባችሁን ሐኪም ጠይቁ። አንዲት ክኒን ዓመታት ታስቀጣለች።

ትምህርት አትተዉ የምላችሁ ለወግ አይደለም። እኔ ከ10ኛ ክፍል አቋርጬ በ29 ዓመቴ ማታ ማታ ጨረስኩ። ከልጆች ጋር ተቀምጬ አልጀብራ ስማር የቁርጭምጭሚት ጅማቴ እየለቀቀኝ ነበር። ወፍጮውን የገዛሁት በመጨረሻዎቹ ሦስት ውድድሮች ክፍያ ነው። የመጀመሪያዎቹ ክፍያዎች የት እንደገቡ አላስታውስም። ይሄ ያሳዝነኛል።

ያ ልጅ ውሉን ፈርሟል። ኪሎ ሜትሩን በ3 ደቂቃ ከ2 ሰከንድ እንዲያሯሩጥ ነው የሚፈለገው። እሁድ ለሊት ተነስተን ጣርማ በርን አቋርጠን ሸዋ ሮቢት ወረድን። ፀሐይዋ ሳትበረታ ሜዳው ላይ 5 ኪሎ ሜትር አስሮጥኩት። ከመጀመሩ በፊት ሰዓቱን ከእጁ አስፈታሁትና ኪሴ ውስጥ ከተትኩት። 15 ደቂቃ ከ10 ሰከንድ መግባት ነበረበት።

15 ደቂቃ ከ12 ገባ። እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ እያለከለከ «ስንት ነው ጋሼ?» አለኝ። «አንተ ገምት» አልኩት።