«የኛን ብር ያውቃል?» ብላችሁ ጠይቁ

ጆተኒም ሆነ የጌም ማሽን በእጃችሁ ለምትሠሩ ልጆቼ፦ ዕድሜዬን ደብረ ማርቆስ ውስጥ ኤሌክትሮኒክስ ስጠግን ነው ያሳለፍኩት፤ ሥራችሁን ሳይ ከልቤ ደስ ይለኛል። አንድ ነገር ግን አደራ እላችኋለሁ። ብር ተቀባዩን፣ ማለትም የገባለትን የወረቀት ብር ለይቶ የሚቀበለውን ዕቃ፣ መጨረሻ ላይ አትግዙት። መጀመሪያ እሱን ምረጡና ሳጥኑን በልኩ ሥሩ።

ሻጩን ከዋጋው በፊት «የኛን ብር ያውቃል?» በሉት። ብር ተቀባይ ኖቱን በብርሃን ሴንሰር ያያል፤ አንዳንዱ የቀለሙን ማግኔትም ይለካል። ከዚያ ከተጫነለት ናሙና ጋር ያመሳክረዋል። ለዶላር ብቻ የተሠራ ዕቃ የኛን ብር መልሶ ይተፋዋል። አብዛኛውን ቤት ውስጥ ልታስተምሩት አትችሉም፤ ፕሮግራሙ ከአምራቹ መምጣት አለበት። «ብር ይቀበላል» ካሏችሁም የትኛውን ብር እንደሆነ ጠይቁ። በመስከረም 2013 የ10፣ የ50 እና የ100 ብር ኖቶች ተቀይረዋል፤ የ200 ብሩም የመጣው ያኔ ነው። ከዚያ በፊት የተጫነ ፕሮግራም ዛሬ አይሠራላችሁም።

ሳትከፍሉ በፊት ሞክሩት። አብዛኛው በ12 ቮልት ይሠራል። አንድ 50 ብር ያዙና በአራቱም አቅጣጫ አስገቡት፤ በፊቱም በጀርባውም፣ በዚህም ጫፍ በዚያም ጫፍ። ከዚያ ገበያ የዋለ ብር ፈልጉ። በነጠላ ጫፍ ተቋጥሮ የከረመ፣ ቅቤ የነካው፣ ክረምት ላይ ርሶ የደረቀ። ደንበኛችሁ ይዞ የሚመጣው እሱን ነው። ከባንክ የወጣ አዲስ ብር ብቻ የሚወድ ማሽን ለኛ አገር አይሆንም።

ሽቦው አያስጨንቃችሁ። ለጀማሪ ፐልስ (አጭር የኤሌክትሪክ ምት) የሚልክ ዓይነት ይበቃል። አንድ ፐልስ ለ10 ብር እንዲሆን ከተስተካከለ፣ 50 ብር ሲገባ አምስት ፐልስ ይልካል፤ ማሽኑን የሚያዝዘው ትንሽ የኮምፒውተር ሰሌዳ፣ አርዱኢኖው፣ ይቆጥራል። ብር ተቀባዩ ሞተር ስላለው ከአርዱኢኖው መብራት አትስጡት፤ የራሱ ፓወር ሰፕላይ ይኑረው። ግራውንዳቸውን (የኔጌቲቭ ሽቦአቸውን) ግን አገናኙ፤ ያለዚያ ቆጠራው ይዛባል። ፐልሱንም በኢንተራፕት፣ ማለትም አርዱኢኖው የያዘውን ሥራ አቋርጦ ወዲያው እንዲያየው በሚያደርገው መንገድ፣ ተቀበሉት። ፕሮግራማችሁ ሌላ ሥራ ላይ እያለ የመጣ ፐልስ እንዳያመልጣችሁ ነው።

ዋናው ፈተና መብራት ሲጠፋ ነው። ብሩ ግማሽ ድረስ ሲገባ ሶኬቱን ንቀሉት። መልሳችሁ ስትሰኩት ወይ ብሩን ይመልስ፣ ወይ ጨርሶ ተቀብሎ ፐልሱን ይላክ። ውጦ ዝም ካለ፣ የፈለገ ቢረክስ አትግዙት። በናንተም በኩል የተከፈለውን ሂሳብ አርዱኢኖው ኢኢፕሮም ላይ፣ መብራት ሲጠፋ በማይጠፋው ማስታወሻው ላይ፣ ይጻፈው፤ መብራት ሲመጣ ልጁ ጨዋታውን ያገኛል። ለአንድ ተማሪ 10 ብር ትልቅ ገንዘብ ነው። ማሽናችሁ አንድ ቀን ከበላው፣ ወሬው ሰፈሩን ለማዳረስ አንድ ከሰዓት ይበቃዋል።

ብራችንን የሚያውቅ ዕቃ ካጣችሁ አትቸኩሉ። በቶከን፣ በገንዘብ ፋንታ ማሽኑ ውስጥ በሚገባ ሳንቲም መሰል ነገር፣ ጀምሩ። ሳንቲም ተቀባይ ርካሽ ነው፤ ብዙውንም ናሙና እያስገባችሁ ራሳችሁ ታስተምሩታላችሁ። ቶከኑን ባለ ሱቁ ይሸጣል። ዋጋ ሲጨምር የቶከኑን ዋጋ መቀየር ብቻ ነው፤ ማሽኑ አይነካም። እኔ ብሆን ለመጀመሪያ ማሽኔ ይህንን ነበር የምመርጠው። አሁን ሁሉም በቴሌብር ሆኗል ትሉኝ ይሆናል። ጆተኒ ሊጫወት የሚመጣው ልጅ ግን ብዙ ጊዜ ስልክ የለውም።

የብሩ ሳጥን ቁልፍ ከማሽኑ በር ቁልፍ የተለየ ይሁን፤ ጠጋኙ ገንዘቡን ሳይነካ ይሥራ። ማሽኑ ፊት ላይ ደግሞ በጉልህ ጻፉ፦ «10 እና 50 ብር ይቀበላል። መልስ የለውም።» ከሥሩ የምትገኙበትን ስልክ ቁጥር አኑሩ።