የሳሳ ቀይ ወይን ተበላሽቷል ማለት ነው?

ጥያቄ፦ ከውጭ የመጣ ዘመዳችን አንድ ጠርሙስ የፈረንሳይ ቡርጎኝ ቀይ ወይን ሰጠን። ስንቀዳው ቀለሙ ሳስቶ ውሃ የገባበት መሰለን። ተበላሽቶ ይሆን? ጥሩነቱስ በምን ይታወቃል? (ከደሴ)

መልስ፦ የቀለም መሳሳት ብቻውን የብልሽት ምልክት አይደለም። የቡርጎኝ ቀይ ወይን በአብዛኛው ፒኖ ኗር ከሚባለው የወይን ዘር ይጠመቃል፤ የፍሬው ልጣጭ ስስ ነውና ቀለሙ ቀለል ይላል። ብርጭቆውን በነጭ ወረቀት ላይ አዘንብለው ጠርዙን ይዩ። የጡብ መልክ የእድሜ ነው፤ ገና ወጣት ወይን ቡናማ ከሆነ ግን አየር አግኝቶታል።

ዋናው ዳኛ አፍንጫ ነው። ሆዱ ሰፊ በሆነ ብርጭቆ ሲሶውን ብቻ ቀድተው መጀመሪያ ሳያናውጡ፣ ቀጥሎ አዙረው ያሽትቱ። ቼሪና እንጆሪ፣ ሲያረጅ ደግሞ እንጉዳይና እርጥብ ቅጠል ቢሸት ደህና ነው። እርጥብ ካርቶን ከሸተተ ቡሹ በክሎታል፤ ቢያናፍሱትም አይድንም። ወሎ ቤት ውስጥ ትልቁ እንቅፋት ዕጣን ነው፤ ቡና ከተፈላበት ክፍል ወጥተው ይቅመሱት።

ሙቀቱ ከ14 እስከ 16 ዲግሪ ይሁን። ኮምቦልቻ ላሉ ግማሽ ሰዓት ያህል ፍሪጅ ይበቃል፤ ሲሞቅ አልኮሉ አፍንጫ ይወጋል፣ ሲበርድ መዓዛው ይደበቃል።

ጎንጭተው በአፍዎ ያዙሩት። አሲዱ ምራቅ ያመጣል፤ ታኒኑ (ከፍሬው ልጣጭ የሚወጣው አፍ የሚያኮማትር ነገር) ድድን በስሱ ይይዛል እንጂ እንደ ወፈረ ሻይ አያደርቅም። ከዋጡ በኋላ ጣዕሙ የሚቆይበትን ሰከንድ ይቁጠሩ፤ ረዥሙ ይበልጣል። በርበሬ ከበዛበት ወጥ ጋር ግን አይሞክሩት፣ ማቃጠሉን ያባብሰዋል። አሮጌ ከሆነ ጠርሙሱን አንድ ቀን አቁመው አተላውን ያስቀሩ።