ለጀማሪ የሚታተም ሱዶኩ፦ ጥያቄና መልስ

ሒሳብ አስተማሪ ነኝ፤ እዚህ ጎንደር ለተማሪዎቼ ሱዶኩ (በረድፍም በዓምድም ቁጥር ሳይደገም ባዶ ቤቶቹ የሚሞሉበት እንቆቅልሽ) እያዘጋጀሁ አትማለሁ። ዛሬ ማታ ጠይቁኝ። ደንቡን ግን አላስተምርም፤ ታውቁታላችሁ።

ጥያቄ፦ የስምንት ዓመት ልጄ በየትኛው ትጀምር?

መልስ፦ በአራት በአራቱ። 16 ቤት ብቻ ነው። ከዚያ ስድስት በስድስት፤ 81 ቤት ያለው ይቆያት። እርሳስና ላጲስ ይስጧት፤ በግምት አትሙላ።

ጥያቄ፦ ሳይገመት እንዴት ይሞላል?

መልስ፦ የላይኛው ረድፍ ዳርና ዳሩ ላይ 2 እና 1 ተሰጥተዋል እንበል። መሐል የሚገቡት 3 እና 4 ናቸው። ሁለተኛውን ዓምድ ቁልቁል ይዩት፤ ታች 3 ካለ እላይ የሚገባው 4 ነው። ግምት የት አለ?

ጥያቄ፦ ለጀማሪ ቀላሉ የቱ ነው?

መልስ፦ ከላይ ተመልሷል።

ጥያቄ፦ የጃፓን ጨዋታ ነው አይደል?

መልስ፦ ስሙ ነው የጃፓን። የዛሬው መልኩ በ1979 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ታተመ፤ ጃፓን የገባው በ1984 ነው።

ጥያቄ፦ በግዕዝ ቁጥር ይሠራል?

መልስ፦ ይህን ስጠብቅ ነበር! ከ፩ እስከ ፱ ልክ ዘጠኝ ምልክት አለን። ግዕዝ ዜሮ የለውም፤ ሱዶኩም ዜሮ አይፈልግም። መደመር መቀነስም የለበትም፤ ምልክቱ አለመደገሙ ብቻ ይበቃል። ችግሩ ኅትመቱ ላይ ነው። ፒያሳ አንድ ፎቶ ኮፒ ቤት ስምንት ሱዶኩ በአንድ ገጽ አሳንሼ ባስነሳ ቀለሙ ፈዝዞ ፮ እና ፯ መንታ ሆኑ። አንዲት ተማሪ «መምህር፣ እዚህ ረድፍ ላይ ፯ ሁለት ጊዜ አለ» ብላ አሳፈረችኝ። በአንድ ኤ4 ወረቀት ከሁለት አታስበልጡ።

አንድ አባል፦ የዛሬ ልጅ የግዕዝ ቁጥር የት ያውቅና?

ሌላ አባል፦ ግድግዳዎ ላይ የቀን መቁጠሪያ የለም? የእኔ ልጅ ቄስ ትምህርት ቤት ሳይገባ ከዚያው ለመደው።

የመጀመሪያው፦ እስከ ፴ ነዋ! ፻ን ይጠይቁት።

መልስ፦ እኛ የምንፈልገው እስከ ፱ ነው። ወደ ጥያቄው።

ጥያቄ፦ ከኢንተርኔት ያወረድኩት 16 ቁጥር ብቻ ተሰጥቶበታል። ከባድ ነው?

መልስ፦ ከባድ ሳይሆን ብልሹ ነው። ባለ 81 ቤቱ ከ17 ቁጥር ባነሰ አንድ ብቻ መልስ ሊኖረው እንደማይችል በ2012 እ.ኤ.አ. በኮምፒውተር ተረጋግጧል። ይጣሉት።

ጥያቄ፦ በእስክሪብቶስ?

መልስ፦ እርሳስ!

ጥያቄ፦ መልሱን ከጀርባው ላትመው?

መልስ፦ በዚህ ስስ ወረቀት? መስኮት አጠገብ የተቀመጠ ልጅ ሁሉ አንደኛ ይወጣል።